ቀይዋና ቡላዋ

ባለፈው ቅዳሜ የልጄ ልጅ እጄን ይዞ መርካቶ ወሰደኝ። እህል በረንዳ ጫፍ ላይ ከበቀሉት ሕንፃዎች በአንዱ፣ ሁለተኛ ፎቅ ላይ፣ የልጆች መጫወቻ የሚሸጥ ሱቅ አለ። ሻጩ ወጣት ሳጥን ከፍቶ በሪሞት የምትነዳ፣ ጎማዋ ከአካሏ የሚበልጥ የጭነት መኪና አወጣልን። የአዲስ ጎማ ሽታዋ አፍንጫዬን ሞላው። ውጭ ዝናቡ ገና ማባራቱ ነበርና በመስኮቱ በኩል ደግሞ የራሰ ጆንያ ሽታ ገባ። ሁለቱን ሽታዎች አንድ ላይ ያሸተትኩት በዕድሜዬ አንድ ክረምት ብቻ ነው።

መኪናዋን ተቀብዬ ገለበጥኳትና ሆዷን አየሁ። ጎማዎቿን አንድ በአንድ ነቀነቅኩ። ሻጩ፣ "አባት፣ ምን ጎደላት?" አለኝ።

"ምንም አልጎደላትም። የምንጭንባት ነገር ይኖርሃል?"

ወጣቱና የልጅ ልጄ ተያዩ። አልፈርድባቸውም። ይህን ያስተማሩኝን ሰው እኔም ያን ጊዜ እንዲሁ ነው ያየኋቸው።

ደርግ ከገባ ስድስት ወይ ሰባት ዓመት ቢሆነው ነው። እኔ አሥራ ሁለት ዓመቴ ነው። ግቢያችን የእህል በረንዳን ጀርባ ተደግፎ የቆመ ነበር። እናቴ የተቀደደ ጆንያ እየሰፋች መልሳ ለእህል ነጋዴዎች ትሸጣለች። አባቴ በርበሬ በረንዳ ሚዛን ላይ ነው የሚውለው፤ ሲመሽ ገና ከበሩ ሳይደርስ ሲያስነጥስ እንሰማውና ራት ይቀርባል። የእኔ ሥራ ጆንያ መገልበጥና ማራገፍ ነበር። ከጆንያ ስፌት ውስጥ የማይወጣ ነገር የለም፤ ጤፍ፣ ሽምብራ፣ የሸሚዝ ቁልፍ፣ አንድ ጊዜ እንዲያውም የሰው ጥርስ አግኝቻለሁ። ሽምብራውን እየለቀምኩ በጣሳ አጠራቅማለሁ።

ከእኛ በር ቀጥሎ ጋሽ ይመር ከልጅ ልጃቸው ከዘሃራ ጋር ይኖሩ ነበር። ከወሎ ናቸው። ሥራቸው የአህያ ድለላ ነው። በዚያ ዘመን እህሉ ከበረንዳው ወደ ወፍጮ ቤት የሚሄደው በአህያ ስለነበር፣ አህያ ሊገዛ ያሰበ ሁሉ መጀመሪያ የሚመጣው ወደሳቸው ነው። እሳቸው ታዲያ አህያ ጠዋት አያዩም። ባለቤቱ አሞሌ አልሶ፣ ጀርባዋን አሻሽቶ ሲያቀርብላቸው "ትቆይ" ይላሉ። ፀሐይ ከፍ ሲል ሙሉ ጭነት ያስጭኗትና ወደ አማኑኤል የሚወስደውን ዳገት ያስወጧታል። ከፊቷ አይሄዱም፤ ከኋላዋ ሆነው ትንፋሿን እያዳመጡ ነው። "ባዶዋን ከሆነ አህያ ሁሉ ሰጋር በቅሎ ናት" ይሉ ነበር።

ዘሃራ ከእኔ በሁለት ወር ታንሳለች። እኔን ግን እንደ ታናሽ ወንድሟ ነበር የምታዘኝ።

የእናቴ ወንድም ሽፈራው የአሰብ መንገድ ሹፌር ነበር። የዚያን ሐምሌ መጀመሪያ፣ መኪናውን መንገድ ዳር አቁሞ ሁለት ሳጥን በብብቱ ይዞ ወደ ግቢ ገባ። ከአንድ መርከበኛ ነው የገዛኋቸው አለ። አንደኛው ሳጥን ውስጥ እንደ ቲማቲም ቀይ የሆነች፣ ጎኗ ላይ መብረቅ የተሣለባት፣ ዝቅ ያለች የጭነት መኪና ነበረች። ሌላኛው ውስጥ አቧራማ ቀለም ያላት፣ ጎማዋ ደንዳና፣ አፍንጫዋ ደፍጠጥ ያለች ሌላ። እያንዳንዳቸው በእጅ የሚያዝ ሳጥን አላቸው። ከሳጥኑ እንደ ሬዲዮ አንቴና ይመዘዛል፤ ያለ ገመድ፣ ያለ ምንም፣ ከሩቅ ሆነህ ትነዳታለህ። እማዬ አማተበች።

ሽፈራው ካቻምና ከአሰብ ወባ ይዞት ሲመጣ እኛ ቤት ቦታ አልነበረም፤ የተኛው ጋሽ ይመር ቤት ነው። ግንባሩ ላይ እርጥብ ጨርቅ እየቀያየረች ያስታመመችው ዘሃራ ነበረች። "ስለዚህ አንዷ ለአንተ፣ አንዷ ለሷ" አለኝ። "ታላቅ ነህና አንተ ምረጥ። እስከ እሑድ ወስኑ። ከዚያ ተወዳደሩ። በሁለት ሳምንት ስመለስ ያሸነፈውን ጋቢና አስቀምጬ ናዝሬት ወስጄ እመልሰዋለሁ።"

ናዝሬት! እኔ እስከዚያን ቀን ከፒያሳ ወዲያ ሄጄ አላውቅም። የሽፈራው መኪና ጋቢና ከመሬት ሲያዩት የሰማይ ያህል ከፍ ያለ ነው። ከዚያ ላይ ሆኜ የሰፈሩን ልጆች ቁልቁል ሳያቸው ይታየኝ ጀመር። የዘሃራም ዓይን ጋቢናው ላይ ነበር።

ከመኪኖቹ ጋር የመጣው ድንጋይ ለአንዷ ብቻ የሚበቃ ነበር። ድንጋይ የምለው የሬዲዮ ድንጋይ ነው፤ ያን ጊዜ እንደ መድኃኒት ተፈልጎ የሚገኝ ነገር ነው። ስለዚህ ድንጋዩን ከአንዷ ወደ ሌላዋ እያዘዋወርን፣ በየተራ፣ በስስት ነበር የምንሞክራቸው። ሁለቱን ባንድ ጊዜ አስነስተናቸው አናውቅም። ይህን ያዙልኝ።

ልቤ ከመጀመሪያው ቀይዋ ላይ ነበር። ግን ናዝሬትን የሚያህል ነገር በልብ ብቻ አይወሰንም ብዬ ጋሽ ይመርን ጠየቅኳቸው። የአህያ ሰኮና እየጠረጉ ነበር። እጃቸውን ታጥበው መጡና መኪኖቹን አንድ በአንድ አገላብጠው አዩ። ጎማቸውን ነቀነቁ። ጥርሳቸውን ሊያዩ ነው ብዬ ሳቄ መጣ።

"ጭነት አምጣ" አሉኝ።

የሽምብራ ጣሳዬን አመጣሁ። በሻይ ብርጭቆ እየሰፈሩ ለሁለቱም እኩል ጫኑ። በጆንያ ክምር ላይ ሳንቃ አጋድመን ዳገት ሠራን። ባዶዋን እንደ ጥይት ትወጣው የነበረችው ቀይ፣ ሽምብራው ሲጫንባት አጋማሽ ላይ ቆማ ጎማዋ በከንቱ ይሽከረከር ጀመር። ድንጋዩን አዘዋወርን። ያቺኛዋ እያጉረመረመች፣ ልክ አባቴ ደክሞት ዳገት ሲወጣ እንደሚያጉረመርመው፣ አንድ ሽምብራ ሳትጥል ወጣች።

"ይቺን ቡላዋን ያዝ" አሉኝ፤ የአህያ ቀለም መጥራታቸው ነው።

ልክ ይህን ሲሉ ግራ ዓይናቸው ጨፈን ብሎ ተከፈተ። ዘሃራ ከኋላዬ በራቸው ላይ ቆማ ነበር። ጠቀሷት!

የጋሽ ይመር ግራ ዓይን ሞራ ነበረበት። ሁልጊዜ ያለቅሳል፣ ሁልጊዜም ይርገበገባል። ከተወለድኩ ጀምሮ የማውቀው ነገር ነው። የዚያን ቀን ግን ረሳሁት። እናቴ ከነጋዴ ስትመለስ ዘወትር የምትለው ነገር ብቻ ትዝ አለኝ፤ "ደላላ ያመሰገነውን እቃ እለፈው።" ጋሽ ይመር ደግሞ ደላላ ናቸው። ዘሃራ የልጅ ልጃቸው ናት። እኔ ቡላዋን ከወሰድኩ ቀይዋ ለማን ትደርሳለች? ሁለት ቀን ሙሉ ጆንያ ሳራግፍ ይህን ሳሰላ ሰነበትኩ። ለቀይዋ የሰፈሩት ብርጭቆ ቁና ያህል እየሆነ መጣብኝ። ሳንቃውን በእግራቸው ሳያነቃንቁት አይቀሩም አልኩ። በመጨረሻ እንዴት ያለ ብልህ ልጅ ነኝ ብዬ ራሴን አደነቅኩ።

እሑድ ጠዋት፣ እማዬ ከአማኑኤል ስትመለስ፣ በሁሉም ፊት "ቀይዋን" አልኩ።

ዘሃራ ታለቅሳለች ብዬ ነበር። እሷ ግን ቡላዋን አፈፍ አድርጋ ደረቷ ላይ ለጠፈቻት። ግራ ገባኝ።

ጋሽ ይመር አልተቀየሙም። "ልብ ከመረጠ መርጧል። ይመችህ" አሉኝ።

ውድድሩ በቀጣዩ እሑድ ሆነ፣ ከቀበሌ ስብሰባ በኋላ። ቦታው አህዮቹ የሚቆሙበት ሜዳ ነው። ሳምንቱን ሙሉ ዘንቦ ጭቃ ሆኗል፤ እያንዳንዱ የአህያ ኮቴ ትንሽ ኩሬ ነው። መንገዱን በጡብ ስብርባሪ አጠርነው። በሜዳው ጫፍ ካለው የእህል ሚዛን ተነስቶ፣ በኩሬዎቹ መካከል አልፎ፣ መጨረሻው የገለባ ክምር ላይ ነው፤ ቀድማ ጫፉ ላይ የወጣች አሸነፈች። ለሁለተኛዋ መኪና ድንጋይ ስላልነበረን ጋሽ ይመር ከሬዲዮናቸው አውጥተው ሰጡን። ያቺ ሬዲዮ ደግሞ እንደ አራስ ልጅ በጨርቅ ተጠቅልላ የምትቀመጥ ነበረች።

ከስብሰባው የተለቀቀው ሰው ሁሉ ወደ ሜዳው መጣ። አህያ ነጂው፣ ተሸካሚው፣ እህል አበጣሪ ሴቶች። ጠመንጃ ያነገተ የቀበሌ ጥበቃም መጣ። አንቴናዎቹን ሲያይ ፊቱ ተለወጠ። የዘሃራን ሳጥን ተቀበላትና ጆሮው ላይ ለጠፈው።

"ይሄ ማንን ነው የሚያነጋግረው?" አላት።

"መኪናዋን።"

"መኪናዋስ ምን ትላለች?"

"እሺ ትላለች" አለች ዘሃራ።

ተሸካሚዎቹ በሳቅ ፈረሱ። ጥበቃውም መሳቅ ሳይወድ ሳቀና ሳጥኑን መለሰላት። አልሄደም፤ ፊሽካውን አውጥቶ ዳኛ ሆነ።

ፊሽካው ተነፋ። ገና ሳጥኔን ሳልነካው ቀይዋ ተፈተለከች። ዘሃራ ነበረች የሷን ሳጥን የተጫነችው። እኔ ደንግጬ ወደ ኋላ ስጎትት ቡላዋ ወደ ኋላ ሄደች። እሷ ወደ ቀኝ ስትል የእኔዋም ወደ ቀኝ ታጠፈች። ሁለታችንም ስንጫን ሁለቱም እንደ ወባ በሽተኛ ባሉበት ተንቀጠቀጡ። አንዷ እህል አበጣሪ "ኧረ በስመአብ" ብላ ወደ ኋላ አፈገፈገች።

ዛሬ ሰው ጠይቄ ገብቶኛል፤ ሁለቱ ሳጥኖች የሚልኩት ሞገድ አንድ ዓይነት ኖሯል። ያን ጊዜ ግን ማን ያውቃል? እኔ የታየኝ ቀይዋ እንደከዳችኝ ነው። ያን ያህል ወድጃት፣ ሰው ሁሉ እያየ ለዘሃራ ስትታዘዝ።

"ምን አድርገሽባት ነው?" አልኳት።

"አንተ ነህ እንጂ የእኔዋን የምትጎትት! ሌባ!"

"ሌባስ አያትሽ!"

አፌ አምልጦኝ ነው። ጋሽ ይመር ሰምተዋል። ቀስ ብለው በጭቃው መሃል መጡና መኪኖቹን ጎንበስ ብለው አዩዋቸው። ከእኔ ሳጥኑን ወስደው አንድ ጊዜ ነካ አደረጉ። ሁለቱም እኩል ተራመዱ።

"ካንድ ጋጣ የመጡ ናቸው" አሉ። "ባንድ ፉጨት ነው የሚሰሙት። ዘሃራ፣ ያንቺን ዝጊው። አንድ ሰው ሁለቱንም ይንዳ።"

ማን? እኔ ዘሃራን አላምንም፤ ዘሃራ እኔን አታምንም። ጥበቃው "እርስዎ ይንዱ እንጂ" አላቸው። ዘሃራ ወዲያው ፈገግ አለች። እኔ ደግሞ፣ ይኸው፣ በመጨረሻ ናዝሬትን ለልጅ ልጃቸው ሊሰጡ ነው አልኩ። ግን እንዴት ሊያዳሉ ይችላሉ? ለአንዷ ያዘዙት ለሌላዋም ነው። እዚህ ላይ ብልህነቴ አለቀ።

ጋሽ ይመር ሳጥኑን በሁለት እጃቸው፣ እንደ ሙሉ ስኒ፣ እንዳይፈስ አድርገው ያዙ። "መጭ!" አሉ። አህያ እንደሚነዱት ነው። ሰው ሁሉ ሳቀ፤ መኪኖቹ ግን ሄዱ። ቀይዋ ከመጀመሪያው ተስፈንጥራ ሄደች። በሁለት ክንድ ቀደመች፣ በሦስት ክንድ። ጮህኩ። ከዚያ አንድ ትልቅ የኮቴ ኩሬ ውስጥ በአፍንጫዋ ጠለቀች። ጎማዋ ጭቃውን ወደ ፊቴ ይረጨው ጀመር። ቡላዋ እያጉረመረመች ከጎኗ አለፈች። ገለባውን ያዘች። ወጣች። ጫፉ ላይ ለመድረስ ስንዝር ሲቀራት ጋሽ ይመር ቆሙ።

ወደ ኋላ ጎተቱ።

ቀይዋ በኩሬው ውስጥ ትንሽ ተነቃነቀች። ቡላዋም በጀርባዋ ገለባውን ወረደች።

"አባባ! ወደ ፊት!" አለች ዘሃራ።

ወደ ፊት ነዱ፤ ቡላዋ ወጣች፣ ቀይዋ መልሳ ሰጠመች። እንደገና ወደ ኋላ። ቡላዋ ወረደች። ዘሃራ እግራቸውን አቅፋ ትጮሃለች፤ "አባባ ናዝሬት! አባባ ስንዝር ነው የቀራት!" እሳቸው ዓይናቸውን ከቀይዋ አላነሱም። በዝግታ፣ እየተነፈሱ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፤ የወደቀች አህያ ሲያስነሱ እንደሚያደርጉት ነው።

"የሰመጠችን ጥሎ ሌላዋን የሚነዳ የት አገር አየሽ?" አሏት።

በሦስተኛው ቀይዋ ተፈነቀለችና ወጣች። ሰው አጨበጨበ። "መጭ" አሉ ጋሽ ይመር፤ ሁለቱም ጎን ለጎን ወደ ገለባው ዞሩ። ይኼኔ ሰማዩ ተቀደደ። የሐምሌን ዝናብ የምታውቁት ታውቁታላችሁ፤ ከመውረዱ በፊት አያስጠነቅቅም። ሰው ሁሉ ወደ በረንዳው ሮጠ። መኪኖቹን አንስተን ስንገባ ከሁለቱም ሆድ ውሃ ይፈስ ነበር። ከዚያን ቀን ወዲያ ሲሳል እንደከረመ ሰው ለአንዲት ደቂቃ ኡህ ኡህ ይሉና ዝም ይላሉ እንጂ በደንብ ሄደው አያውቁም።

አንድ ጆንያ ለሦስት ተከናንበን ቆምን። ዘሃራ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዙራለች። እኔ የጋሽ ይመርን ፊት ማየት አልቻልኩም። ዝናቡ ቆርቆሮውን ሲደበድበው ድምፄ ስለማይሰማ ነው መሰለኝ ድፍረት ያገኘሁት።

"ጋሽ ይመር፣ ቡላዋ እንደምትሻል ለምን ነገሩኝ? ዝም ቢሉኝ ለዘሃራ ትደርሳት አልነበረም?"

"ጠይቀኸኝ ነበራ" አሉኝ።

ሌላ ነገር ይጨምራሉ ብዬ ጠበቅኩ። አልጨመሩም። ያኔ ሁሉንም ነገርኳቸው፤ የእናቴን አባባል፣ ብርጭቆውን፣ ዘሃራን የጠቀሱባትን ዓይን። ዓይኑ ጋ ስደርስ ጋሽ ይመር ሳቃቸው መጣ። ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ፣ ጆንያው ከላያችን እስኪወርድ ሳቁ።

"ይቺ ዓይኔ ስንቱን አጣላችኝ" አሉ። "አንድ ጊዜ ገበያ መሃል፣ ሳልስማማ፣ አንካሳ አህያ አስገዝታኛለች።"

ዘሃራ ከግድግዳው ሳትዞር በሳቅ ፈነዳች። ከዚያም ዞረችና ከራሷ የሚንጠባጠበውን ውሃ በእጇ ጨምቃ ፊቴ ላይ ረጨችው። ታረቅን ማለት ነው።

በማግስቱ ጋሽ ይመር ድንጋዮቻቸውን ፀሐይ ላይ ደርድረው አሰጧቸው። ሬዲዮዋ ለብዙ ቀን ከጉንፋን እንደተነሳች ሴት በለሆሳስ ነበር የምታወራው። እሳቸው ጆሯቸውን አስጠግተው ይሰሙ ነበር እንጂ አንድ ቀን ቅር ብሏቸው አላየሁም።

ሽፈራው በሁለት ሳምንቱ መጣ። ገና ሳይቀመጥ "ማን አሸነፈ?" አለ።

"እኔ" አልኩ። "እኔ" አለች ዘሃራ። ከዚያ ሁለታችንም እየተቀባበልን፣ እየተነጣጠቅን ነገርነው። እስከ መጨረሻው ሰማን።

"ታዲያ ሁለቱንም መኪና የነዳው ማን ነው?"

ተያየን። "ጋሽ ይመር" አልን።

"እንግዲያው ጋቢናው የሳቸው ነዋ።"

ጋሽ ይመር ከወሎ እስከ አዲስ አበባ የመጡት በእግራቸው፣ በአህያ ኋላ ነው። መኪና ጋቢና ውስጥ ተቀምጠው አያውቁም ነበር። መጀመሪያ "ተው፣ ለልጆቹ ይሁን" አሉ። ሽፈራው አልሰማ አላቸው። በማግስቱ ጠዋት ነጭ ጋቢያቸውን ለብሰው፣ ኮፊያቸውን አጥበው፣ ከግቢ ወጡ። ሰፈሩ ሁሉ በር ላይ ወጥቷል። እኔና ዘሃራ በቅናትና በሳቅ መሃል ሆነን እግር በእግር እንከተላቸዋለን።

ወዲያው አልገቡም። በከዘራቸው መሬቱን እየነኩ መኪናውን ዞሩት። ጎንበስ ብለው ሆዱን አዩ። የፊት ጎማውን መታ መታ አደረጉ። ሽፈራው ከላይ ሆኖ በሩን ከፍቶ ይጠብቃል። አንድ እግራቸውን መወጣጫው ላይ አድርገው ቆሙና ቀና ብለው አዩት።

"ተጭኗል?" አሉት።

"ሙሉ ነው ጋሽ ይመር።"

"እንግዲያው ጥሩ" አሉና ወጡ።